ሽቅብ በእግር፣ ቁልቁል በመኪና

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ አንድ ጎረምሳ መጥቶ ተቀመጠ። በሩ ገና ሳይዘጋ የጡንቻ ቅባቱ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ያ ከረሜላና ቃሪያ አብረው የተወቀጡ የሚመስል፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ። ልጁ ክንዱ ላይ ስልክ አስሯል፣ ጆሮው ውስጥ ነጫጭ ነገር ሰክቷል፣ ጫማው እንደ ሎሚ ቢጫ ነው። አላስችል አለኝና ጉልበቱን ነካ አድርጌ፣ «ልጄ፣ ትሮጣለህ እንዴ?» አልኩት። ከጆሮው አንዱን ነቅሎ፣ «አዎ እማማ፣ ከጓደኞቼ ጋር ነን። ማራቶን ልንሞክር ነው» አለኝ። «የት ነው የምትለማመዱት?» «ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ቁልቁሉን። ስንመለስ በመኪና።» «ሽቅቡንስ ምነው ተዋችሁት?» ስለው፣ «ኧረ እማማ! ቁልቁል እያለ ማን ይሞኛል?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁለት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞርኩና የሐረጎን ዳገት ጨርሰን ደሴ እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። አሮጊቷ አኮረፈች ብሎ ይሆናል። አላኮረፍኩም። በዚያው መንገድ ዳር ሌላ ልጅ ቁልቁል ስትሮጥ በሐሳቤ እያየሁ ነበር።

ጊዜው መቼ ነው ብላችሁ ቁርጥ ያለ ዓመት አትጠይቁኝ። ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት ጊዜ ነው። ደሴ ፒያሳ ያሉት ካሴት ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው ይፎካከሩ ነበር፤ ከወዲህ ባቲ ሲንቆረቆር ከወዲያ አምባሰል ይመልስለታል፣ መሀል ላይ የቆመ ሰው አንዱንም ሳይሰማ ይሄዳል። ሴቱ ሁሉ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ሸሚዝ ይለብስ ነበር፤ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ሆጤ አካባቢ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ መርገጫውን ስረግጥ እውላለሁ። ከዚያ በፊት ልጅ ሳለሁ ኮምቦልቻ ወርጄ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። የሠራተኞች ውድድር ሲደረግ እሮጥ ነበርና አንድ ብርድ ልብስና አንድ ፔርሙስ አሸንፌያለሁ። ፔርሙሱ ዛሬም ሻይ ይይዛል፤ ጉልበቴ ግን የለም። ሐረጎን ቁልቁል እየሮጥኩ እዚያው ትቼው መጣሁ። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደሉን ታናሽ ወንድሜ ሲያጠና በትከሻው ላይ አጮልቄ ለቀምኩት፤ ሩጫውን ደግሞ ከሬዲዮ፣ ካየሁት ሰውና ከዚያ ከሞተው ጉልበቴ።

አሰልጣኝ ሁኚ ብሎ የሾመኝ የለም። ከበረንዳዬ ቀጥሎ ጌታቸው የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ወፈር ያለ፣ ሲያወራ መቀሱ አየር የሚቆርጥ። አንድ ቀን ሱሪውን ይዞ መጣ። «ሐዋ፣ ወገቡን አስፊልኝ።» «ባለፈው ወር አሰፋሁት እኮ።» «አሁንም አስፊው።» «ጨርቁ አለቀ ጌታቸው። ከእንግዲህ አንተን ማጥበብ ነው።» እኔ የቀለድኩ መስሎኝ ነበር። በነጋታው ማለዳ ቁምጣ ለብሶ በረንዳው ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከዚያ አንድ መምህር መጣ፣ ከዚያ ሁለት የጋራዥ ልጆች፣ ከዚያ ሴቶቹ። እናቶች ልጆቻቸውን የሰጡኝ ሩጫውን አምነው እንዳይመስላችሁ፤ ልብሱን አምነው ነው። ለሴቶቹ ሰፋ ያለ የጥጥ ሱሪ፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ እጀ ረጅም ቀሚስ፣ ንፋስ የማይገልጠው፣ ያለ መርፌ ቁልፍ ጭንቅላት ላይ የሚጸና ሻሽ ሠራሁላቸው። አንዷ እናት ልብሱን ወዲያ ወዲህ አገላብጣ አየችና፣ «በዚህማ ሐጅም ይኬዳል» አለች። አለቀ፤ ልጅቷ የእኔ ሆነች።

ሕጌ አንድ ብቻ ነበር፦ ሽቅብ በእግር፣ ቁልቁል በመኪና። እሁድ ማለዳ የደሴዎቹ በመጀመሪያው ሚኒባስ እንወርዳለን፤ የኮምቦልቻዎቹ ቦርከና ድልድይ ላይ ይጠብቁናል። ከዚያ ሐረጎን ሽቅብ። ታች ላብ ነው፣ ላይ ብርድ ነው፤ መሀል ላይ ጉም ይቀበላቸዋል፤ ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ትንፋሻቸው፣ ቀጥሎ ሳላቸው፣ በመጨረሻ እነሱ ይወጣሉ። እኔ በመኪና ቀድሜ ተመልሼ ደሴ በረንዳዬ ላይ በሶ በጥብጬ እጠብቃቸዋለሁ። የኮምቦልቻዎቹ ጠጥተው መናኸሪያ ይሄዱና መኪና ይዘው ይወርዳሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሜዳ ፍለጋ ከኮምቦልቻ ወዲያ ወደ ደጋን መንገድ እንወጣለን፤ እነሱ በእግር፣ እኔ ጋሪ ተሳፍሬ ከኋላ። ሰው ምን ያላለን አለ! «እዩዋት፣ እሷ በፈረስ፣ ሰውን በእግር!» «እትዬ፣ የትኛው ነው ባልዎ? የፊተኛው ከሆነ አምልጧል!» አንድ የገበያ ቀን ደግሞ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ድምፅ፣ «ሌባ! ያዘው!» አለና ገበያተኛው ሁሉ ዱላውን ይዞ ተነሳ። ሌሎቹ ፈጣን ናቸውና አለፉ። የተያዘው ጌታቸው ነው። ጋሪዬ ስትደርስ አንድ ሽማግሌ ኮሌታውን ጨምድደው ይዘውታል። «ምን ሰርቀህ ነው?» «ኧረ ምንም አባቴ!» «ታዲያ ምን ያስሮጥሃል?» «ማራቶን!» ሽማግሌው ዞር ዞር ብለው መንገዱን አዩ። «የታለ እሱ? ምን አድርገኸው ነው የሚያሳድድህ?» ሁላችንም ሳቅን፤ ጌታቸው ብቻ ሱሪውን እየሰበሰበ፣ «ይሄን ለሚስቴ የነገረ ሰው ፀጉሩን በእኔ እጅ እንደሚቆረጥ ያስታውስ» አለ።

ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ያ ገበያ የት እንደነበር ይጠፋብኛል። ቦርከና ዳር የነበሩት ዛፎች አልቀው ግንብ በቅሏል። ከባድ መኪናው ከደረቅ ወደቡ እየወጣ አስፋልቱን አጎድጉዶታል። ከዚያ ሁሉ ካለፈብን ክፉ ጊዜ በኋላ ሰው መንገድ ላይ ሲሮጥ ማየት ራሱ ልብ ያስደነግጥ ነበር፤ አሁን አሁን ነው ሩጫ እንደገና ሩጫ የሆነው። ያኔ ግን የምንፈራው ውሻና ዝናብ ብቻ ይመስለን ነበር። ይመስለን ነበር ነው የምላችሁ።

ከኮምቦልቻዎቹ አንዷ ጦይባ ናት። ቀጠን ያለች፣ ጥርሷን ነክሳ የምትሮጥ፣ ሐረጎን ስትወጣ ከዳገቱ ጋር የተጣላች የምትመስል ልጅ። እናቷ ሞታለች። አባቷ ጋሽ ሰይድ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ነው፤ ከእሷ በታች በአንድ ዓመት የምታንሰው ሰዓዳ አለች፣ ከዚያ በታች ደግሞ ትንንሾቹ። ሰዓዳ ሩጫችንን እንደ እብደት ነበር የምታየው። ድልድዩ ላይ እንስራዋን አስቀምጣ፣ «እትዬ ሐዋ፣ ለምን መኪና አይገዙላቸውም? እኔ አዝንላቸዋለሁ» ትለኛለች። እህቷን ደግሞ፣ «ጦይቤ፣ ደሴ ስትደርሺ ሰላም በይልኝ፤ እኔ ሥራ አለብኝ» ብላ ትሸኛታለች። ሳቂታ፣ አፈኛ፣ ሰው ወዳድ።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሊሮጡ ተመዘገቡ። ለጌታቸውና ለመምህሩ ነገሩ እልህ ነው፤ ጨርሰው መግባት ብቻ። ለጦይባ ግን ሌላ ነበር። ውድድሩ ላይ ክለቦች ሰው ልከው ልጅ ይመለምላሉ፤ ክለብ የገባ ደሞዝተኛ ነው። በሌላ በኩል አንድ ደላላ የጋሽ ሰይድን ቤት ደጃፍ አለዝቦታል። የጦይባ ፓስፖርት ወጥቷል፣ ዓረብ አገር በሠራተኝነት የምትገባበት ቤት ተገኝቶላታል ተብሏል። አባቷን ለምኜው አንድ ነገር ተስማማን፦ ክለብ ከያዛት ትቀራለች፤ ካልያዛት ከውድድሩ በኋላ ትሄዳለች። ጦይባ ይህን ለማንም አልነገረችም፤ ግን ሌሎቹ ሐረጎን ሲወጡ ዳገት ነበር የሚወጡት፣ እሷ ከዚያ ከዓረቡ ቤት እየወጣች ነበር።

አሁን ስለ አንድ ወጋችን ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። እኛ አገር ሰው እንዴት ነህ ሲባል፣ ቢያተኩሰውም፣ ቢያስለውም፣ ትናንት ቤቱ ቢቃጠልም፣ መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ይላል። ክርስቲያኑም በራሱ ቃል እንዲሁ ነው። ሕመም በምስጋና ተሸፍኖ ነው የሚወጣው፤ አንዳንዱም ተሸፍኖ ይቀራል። ይህ ወግ ለጎረቤት ደግ ነው፤ ለአሰልጣኝ ግን መርዝ ነው። በየእሁዱ፣ «እግርሽ እንዴት ነው?» እላታለሁ፤ «አልሐምዱሊላህ እትዬ» ትለኛለች። በሶውን ቆማ ጨልጣ፣ «መኪና እንዳያመልጠኝ» ብላ ትሮጣለች። ምን ያስቸኩልሻል ስላት፣ «እሁድ የልብስ አጠባ ነው» ትለኛለች። እሺ ብዬ እሸኛታለሁ።

አንድ እሁድ ታዲያ የደሴ ዝናብ ወረደ። ከጦሳ የሚነሳው ያ ዝናብ፣ መንገዱን ወንዝ የሚያደርገው። ጦይባ ከቤቴ ወጥታ መሄድ አልቻለችም። ዙሁር፣ የቀትሩ ሰላት፣ ደረሰና ምንጣፍ ዘርግተን ጎን ለጎን ሰገድን። ሰላት ላይ ጎረቤትን ማየት ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ዓይኔ የልብስ ሰፊ ዓይን ነው፣ የተጣመመ ነገር ሲያይ አያልፍም። አተሕያቱን ልንል ስንቀመጥ ቀኝ እግር ይቆማል፣ ጣቶቹ ታጥፈው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ይዞራሉ። የጦይባ እግር ተኝቷል። ሱጁድ ወርዳ ግንባሯን ስትደፋም የእግሯ ጣቶች መሬቱን አይነኩም፤ እንደ ተቆረጠ ነገር አየር ላይ ነው የሚቀሩት። አሰላሙ አለይኩም ብለን ስንጨርስ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥን ዞርኩባት።

«ጦይባ፣ እግርሽ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ደህና ነው አልሐምዱሊላህ ነው፣ ወይስ ታሟል አልሐምዱሊላህ?»

ፈገግ ለማለት ሞክራ፣ «ለሁለቱም ይባላል እኮ እትዬ» አለችኝ፤ ፈገግታው ሳያልቅ እንባዋ መጣ።

ካልሲዋን አውልቄ አየሁት። የእግሯ ጀርባ አብጧል፣ ስነካው ምንጣፉን በጥፍሯ ቧጨረችው። ከመቼ ጀምሮ ነው ስላት፣ «ቆይቷል» አለች። በምን? መልሱን አውጥታ ለመናገር ከሕመሙ የበለጠ ከበዳት። ሚኒባስ እኮ ካልሞላ አይነሳም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ እኩለ ቀን ያደርሳታል። ሰዓዳ ደግሞ ያን ሁሉ ልብስ ብቻዋን ልታጥብ ነው። ስለዚህ መናኸሪያ እየሄደች አልነበረም። በየእሁዱ ሐረጎን ሽቅብ ወጥታ፣ በሶዬን ጠጥታ፣ ያንኑ ሐረጎ ቁልቁል እየሮጠች ትወርድ ነበር። «ሰዓዳ ላይ እንዳይከብድ ብዬ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳት። ራጅ ተነሳች። ዶክተሩ ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ፀጉር የመሰለች መስመር አሳየን። አጥንቱ ተሰንጥቋል፣ አልተሰበረም፤ ካረፈች ይገጥማል፣ ከሮጠች ግን ይሰበራል አለ። እንዲያው ተስፋ ቢኖር ብዬ፣ «ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው፤ ቀስ ብላ ብትሮጥስ?» አልኩት። «ማራቶን ቀስ ተብሎም ማራቶን ነው እናቴ» አለኝ። እውነቱን ነው። ኮሪደር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ጦይባ መሬት መሬት እያየች፣ «እትዬ፣ ይተዉኝ ልሩጥ» አለች።

«ይሰበራል አለሽ እኮ!»

«ይሰበር።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ብሮጥና ክለብ ቢይዘኝ ቀረሁ። ብሮጥና ቢሰበርም ቀረሁ። ስብራት ያላትን ሠራተኛ ማን ይወስዳል? ሳልሮጥ ካረፍኩ ግን ይድናል። ከዳነ እሄዳለሁ።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። አስባ የጨረሰችው ነገር ነበር። እኔ ስንቱን ሰው በርታ፣ ቻል ያልኩ ሴት፣ እግሯን ሊሰብርባት የሚችለውን ሁሉ ያስተማርኳት እኔ፣ እግሯን እንዳትሰብር ልለምናት ቁጭ አልኩ። እጇን ይዤ፣ «ልጄ፣ እግር ከሰበርሽ በኋላ በየትኛው እግር ነው የምትቀሪው?» አልኳት። በመጨረሻ ዶክተሩ ራሱ መጥቶ፣ «ይቺ ልጅ የምታርፍ አትመስልም» አለና ጀሶ አደረገላት፤ ከጣቷ እስከ ጉልበቷ ሥር፣ ነጭ፣ ከባድ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጀሶው ሲደርቅ ደስ አለኝ። ለሩጫውም ለደላላውም መልስ የሚሆን መሰለኝ። በጀሶ አይሮጥም፣ በጀሶ ሰው ቤትም አይገባም። ጊዜ አገኘን፤ ሲድን ሌላ ማራቶን አለ፣ ሌላ ክለብ አለ። በዚህ ሐሳብ ነው እሷን ደግፌ ኮምቦልቻ የወረድኩት።

ጋሽ ሰይድ ከሥራ ገብቶ ደጃፉ ላይ ነበር። ጀሶውን ሲያይ ተነስቶ ቆመ፤ ከዚያ ሰላምታውን አላጎደለም፤ ቤተሰቤን፣ ጉልበቴን፣ የደሴን ዝናብ ሳይቀር አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እህቴ ሐዋ» አለኝ፣ «እርስዎ አንድ እግር ይዘው መጡ። አላህ ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ ይሰበር ነበር። እኔ ግን እዚህ ስንት እግር እንዳለ ይዩልኝ።» በጣቱ ወደ ደጃፉ አሳየኝ። የላስቲክ ጫማዎች ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድረዋል፤ የመጨረሻዋ መዳፌን አታህልም።

«ጥቂት ጊዜ ይስጧት፣ ጋሽ ሰይድ። ደላላውን ይቆይ ይበሉት።»

«ደላላ ይቆያል? ያ ቤት ሠራተኛ ይጠብቃል። እሷ ካልሄደች ሌላ ሰው ይልካል፤ እኛም ከተራው እንወጣለን።»

ያን ጊዜ ነው ሰዓዳ ከጓዳ የወጣችው፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «እኔ እሄዳለሁ» አለች፣ ጨው ከሱቅ ላምጣ እንደሚል ሰው።

«አንቺ ዝም በይ፤ ገና ልጅ ነሽ» አላት አባቷ።

«ደላላው በወረቀት ያሳድገኛል። ጎረቤታችንን ዘቢባን በአንድ ቀን ስንት ዓመት አሳድጓት የለ?»

ጦይባ ከተቀመጠችበት ልትነሳ ሞከረችና ጀሶው ጎትቶ መለሳት። «አባባ፣ እሷ አትሄድም! በእንፉቅቅም ቢሆን እኔ እሄዳለሁ!» ብላ ጮኸች። ሰዓዳ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ጀሶውን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። «ማን አለ እዚህ? ማንም። ጦይቤ፣ አንቺ ሩጫሽን ሩጪ። እኔ መቼም ሩጫ አልወድ፤ እዚያ ደግሞ ቤት ውስጥ ነው ሥራው፣ ጥላ ነው።» እኔ አይሆንም አልኩ። ደግሜ ደጋግሜ አልኩ። ግን እንግዳ ነኝ፤ የተናገርኩት ሁሉ ደጃፉ ላይ ካሉት ጫማዎች በላይ ሊከብድ አልቻለም። ጋሽ ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እምቢ አላለም። ያኔ ነገሩ እንዳለቀ አወቅሁ።

ማራቶኑ ደረሰና እነ ጌታቸው ሄዱ። መምህሩ መሀል ላይ አቋረጠ። ጌታቸው ግን ገመዱ ሲነሳ፣ ጠራጊዎቹ መጥረጊያ ይዘው ሲወጡ ገባ። «አንዷ ጠራጊ አጨበጨበችልኝ፤ ከእሷ በቀር ማንም አላየኝም» እያለ ወሩን ሙሉ ፀጉር ሲቆርጥ አወራ። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ፤ በረንዳዬ ላይ ጀሶዋን በርጩማ ላይ ዘርግታ የተቀመጠችው ጦይባም ትስቃለች። የጉረኖ ሳቅ የሚባል ነገር ካለ ያ ነው፤ አጥር የማያልፍ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁና ወደ አንድ ጠዋት ልመልሳችሁ። የጦይባ እግር ዳነ፣ ደህና አድርጎ ዳነ። ሮጣለች፣ በሚቀጥለው ዓመት ማራቶንም ጨርሳለች፤ ግን ማንም ክለብ ስሟን አልጠየቀም። ከዚያ ጫማዋን ለአንዱ የጋራዥ ልጅ እህት ሰጥታ ተወችው። አሁን ገራዶ ነው የምትኖረው፤ አግብታ ወልዳለች፣ ስንገናኝ ስለ ልጆቿ ነው የምናወራው። ሰዓዳ እዚያው ዓረብ አገር ዓመታት ቆየች። ያኔ ስልክ የለም፤ ድምፅዋን በካሴት እየቀዳች ትልካለች፣ ጋሽ ሰይድ ከጎረቤት ቴፕ ተውሶ ልጆቹን ሰብስቦ ያሰማል። አንዱን አብሬ ሰምቼዋለሁ። «እትዬ ሐዋ ቢያዩኝ» ትላለች እየሳቀች፣ «ቤቱ ፎቅ ነው፣ እመቤቲቱ ላይ ሆና ትጠራኛለች፣ ልጆቹ ታች ሆነው ይጠሩኛል። እኔ ጋ ሽቅቡም ቁልቁሉም በእግር ነው!» ጋሽ ሰይድ ቴፑን አጥፍቶ ወጣ። በእሷ ገንዘብ ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፣ ትንንሾቹ ተማሩ። ስትመለስ ፀጉሯ ሸብቶ ነበር፤ ጉልበቷ ደረጃ አይወጣላትም። ደጋን ላይ ሱቅ አላት። አፏ እንደ ድሮው ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

የምመልሳችሁ ጠዋት የሄደችበት ነው። ጋሽ ሰይድ ከደጃፉ ላይ ዱዓ አድርጎ መርቋት እዚያው ቀረ፤ መናኸሪያ መምጣት አልቻለም። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ገና ጎህ ሲቀድ ነው፤ የአዲስ አበባው አውቶብስ ሞተሩን አሙቆ ጭሱን እየተፋ ይንዘፈዘፋል። እኔና ጦይባ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ነን፤ ጀሶው ገና አልወረደም። ሰዓዳ ደላላው ያለበሳትን ጥቁር አባያ ለብሳለች፤ ረዝሟት መሬት ይጠርጋል። ልክክ ያለ ነገር ልሰፋላት ጊዜ አልሰጡኝም። አውቶብሱ ውስጥ ገብታ ቦታ ከያዘች በኋላ እንደገና ወርዳ መጣችና እህቷን አቀፈቻት። ያን ጊዜ ቀልድ አልቆባት ነበር። እንደተቃቀፉ አውቶብሱ ሳናየው ተንቀሳቀሰ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «እህት! ኧረ እህት! ሄድን እኮ!» ብሎ ጮኸ።

ሰዓዳ ዞረች። አባያዋን በሁለት እጇ ከጉልበቷ በላይ ሰበሰበችና ሮጠች።

በሕይወቴ ስንት ሰው ሲሮጥ አይቻለሁ። ከደሴም ከኮምቦልቻም፣ ከራሴ ዘመን ጀምሮ። እንዲህ ያለ አላየሁም። ትከሻዋ ፀጥ ብሏል፣ አንገቷ ቀና ብሏል፣ እግሯ መሬቱን ሳይመታው ይገፋዋል፤ አንድ እርምጃዋ የሌላውን ሰው ሁለት ይውጣል። ማንም ያላስተማራት፣ እንስራ ከመሸከም በቀር መንገድ ያልወጣች ልጅ፣ በላስቲክ ጫማ፣ አውቶብሱ እየፈጠነ እሷ ደግሞ እየደረሰችበት። ረዳቱ እጁን ሊዘረጋላት ጎንበስ ሲል እሷ እጁን ሳትይዝ ደረጃው ላይ ዘላ ገባች። ከዚያ አንገቷን በመስኮት አውጥታ እየሳቀች፣ «ጦይቤ! አሸነፍኩሽ!» አለች። አውቶብሱ በሩን አልፎ ታጠፈ።

መናኸሪያው ውስጥ ሻይ የሚሸጡት ልጆች ሁሉ እየጮሁ አጨበጨቡላት። እኔና ጦይባ አላጨበጨብንም። ፊቷን ላለማየት ጭሱን እያየሁ ቆየሁ። ጦይባ ቀስ ብላ፣ «አዩዋት እትዬ?» አለችኝ።

«አየኋት።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «እንዲህ እንደምትሮጥ ለአባባ እንዳይነግሩት» አለች።

እጄን ሰጥቻት ተነሳች። ክንዷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፣ ክብደቷን ሁሉ ጣለችብኝ፤ ቤት እስክንደርስም ሁለታችንም አንድ ጊዜ እንኳ አውቶብሱ ወደሄደበት መንገድ አላየንም።